ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ቴሌስኮፔን አላወጣም

ፎቶዎቼን የሚያውቅ ሰው «ዛሬ እኮ ጨረቃዋ ሙሉ ናት፣ አታነሳትም?» ይለኛል። አላነሳትም። ሙሉ ጨረቃ ለዓይን ደስ ትላለች፣ ለካሜራ ግን ምንም የላትም። ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ተራራውም ጉድጓዱም ልሙጥ ነው። እኔ የምፈልጋት ከተወለደች ከአምስተኛው ቀን እስከ አሥረኛው ባለው ጊዜ ነው። ያኔ የብርሃንና የጨለማው ድንበር ፊቷ ላይ ያልፋል፤ ድንበሩ ላይ ፀሐይ ገና እየወጣች ስለሆነ ትንሿም ኮረብታ ረጅም ጥላ ትጥላለች።

የምኖረው ኮተቤ፣ በተከራየሁት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ንብረቴ እህቴ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣችልኝ 130 ሚሊሜትር መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ፣ ስልኬና ስልኩን ከዓይን ሌንሱ ጋር የሚያጣብቅ የፕላስቲክ መያዣ ነው። የከተማው መብራት ጨረቃን አይጎዳትም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ግማሽ ጨረቃ አመሻሽ ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች። አንገት ያማል እንጂ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ጠላቴ ቆርቆሮ ነው። ቀን ሙሉ የጋለው ጣሪያ ሲመሽ ሙቀቱን ይለቃል፤ በዚያ አየር ውስጥ የምትታይ ጨረቃ እንደ ፈላ ውሃ ትንተከተካለች። ስለዚህ ከቤቱ ርቄ ሳሩ ላይ አቆምና መስታወቱ የውጪውን ቅዝቃዜ እስኪለምድ ሻይ እጠጣለሁ።

በስልክ ብቻ ሞክራችሁ ነጭ አምፖል የወጣላችሁ፣ ስልኩ ተታሎ ነው። ዙሪያው ጨለማ ሲሆንበት ብርሃን ይጨምራል። ጨረቃ ግን ቀትር ፀሐይ ያረፈባት ድንጋይ ናት፤ አፈሯም ከአስፋልት ብዙ አይነጣም። ጣታችሁን እላይዋ ላይ ተጭናችሁ ፎከሱን ቆልፉና ብርሃኑን ወደ ታች ጎትቱ። ካሜራ ላለው፣ ለሙሉ ጨረቃ ኤፍ 11 (የሌንሱ ቀዳዳ)፣ አይኤስኦ 100 (ለብርሃን ያለው ንቃት)፣ ሹተር 1/125 ሰከንድ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) መነሻ ይሆናል፤ ለግማሿ ሹተሩን ዘገም ማድረግ ነው። እኔ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ከዚያ አውቶስታከርት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከቪዲዮው ጥርት ያሉትን ፍሬሞች፣ ማለትም ነጠላ ምስሎች፣ መርጦ ይደራርብልኛል።

የምወደው ቦታ በአምስተኛው ቀን ገደማ ብቅ ይላል። ቴዎፍሎስ ይባላል፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ጉድጓድ ነው። ወለሉ ገና ጨለማ እያለ መሐሉ ላይ ያሉት ተራሮች ጫፋቸው ብቻ ፀሐይ ይይዝና ጥቁር ላይ የተረሱ ነጭ ነጥቦች ይመስላሉ። ጎኑ ያለውን ያረጀ ጉድጓድ ጠርዙን ንዶ ገብቶበታል። የዚያኛው ስም ቄርሎስ ነው።

አከራዬ እማማ የበረንዳውን መብራት እንዲያጠፉልኝ ስል አሳየኋቸው።

«ቄርሎስ? የእኛው ቄርሎስ?»

«አዎ እማማ፣ የእስክንድርያው። ስሙን በ1651 ያወጣለት ሪቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ ካህን ነው።»

«ይሄ የረገጠውስ?»

«ቴዎፍሎስ፣ አጎቱ።»

«አጎት ሆኖ!» አሉና ዓይናቸውን መልሰው ሌንሱ ላይ ሰኩ። «ከሥር ያለችው ማናት?»

«ካትሪና። እሷም የእስክንድርያ ሰማዕት ናት።»

ከዚያ ወዲህ መብራቱን ሳልጠይቅ ያጠፉታል። «ሦስቱንም በትልቁ አሳጥበህ አምጣልኝ፣ ሳሎን እሰቅላቸዋለሁ» ብለውኛል። ካትሪና በጣም ስላረጀች ጠርዟ ተበልቷል፤ ፀሐይ ትንሽ ከፍ ካለች ትደበዝዛለች። ሦስቱ አብረው የሚያምሩበት ማታ ደግሞ አጭር ነው። የፎቶ ቤቱን ዋጋ ጠይቄ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ የሚቀጥለው ወር ጨረቃ ነው።