ፎሪየር ሲሪስ ወደ ፎሪየር ትራንስፎርም የሚሸጋገርበት ቦታ

ዛሬ ማምሻውን ሲግናልን (በጊዜ የሚለዋወጥ መጠንን) ወደ ሳይኖችና ኮሳይኖች የሚተነትኑትን ፎሪየር ሲሪስንና ፎሪየር ትራንስፎርምን ጎን ለጎን አድርጌ በወረቀት ላይ ስሠራቸው ቆየሁ። የመጀመሪያው ለሚደጋገም ሲግናል፣ ሁለተኛው ለማይደጋገም ነው የሚለውን አባባል የዘርፉ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። አባባሉ ትክክል ቢሆንም ምክንያቱን አይነግረንም፤ ለእኔ ግን ከጉዳዩ ሁሉ የሚያምረው ምክንያቱ ነው።

ቁመቱ 1 ቮልት፣ ስፋቱ 1 ሚሊሰከንድ የሆነ ፐልስ (ለአፍታ ብቻ ተነሥቶ የሚወርድ ሲግናል) በየ10 ሚሊሰከንዱ ይደጋገማል እንበል። ሲግናሉ በዚህ ጊዜ ውስጥ ራሱን ስለሚደግም፣ ሊገነቡት የሚችሉት በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሙሉ ዙር የሚጨርሱ ሳይኖችና ኮሳይኖች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 100፣ 200፣ 300 ሄርዝ (በሰከንድ የሚጨረሱ ዙሮች ብዛት) እያሉ ይቀጥላሉ። 150 ሄርዝ በዚያ ጊዜ አንድ ዙር ተኩል ላይ ስለሚደርስ ከመካከላቸው ቦታ የለውም። ሲሪስ ድምር የሆነው፣ የእያንዳንዱን ፍሪኩዌንሲ ድርሻ የሚያሳየው ሥዕል፣ ስፔክትረሙም፣ በተነጣጠሉ መስመሮች የሚሳለው ስለዚህ ነው።

አሁን ፐልሱን ሳንነካ የመደጋገሚያውን ጊዜ ወደ 20 ሚሊሰከንድ እናሳድገው። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 50 ሄርዝ ይሆናል፤ 150 ሄርዝም ቦታ ያገኛል። የስፔክትረሙ ቅርጽ ግን አይለወጥም፤ መጀመሪያ ዜሮ የሚነካው አሁንም 1000 ሄርዝ ላይ ነው፤ ይህን የሚወስነው የፐልሱ ስፋት ነውና። የሚለወጠው የመስመሮቹ ቁመት ነው፦ በዜሮ ሄርዝ ላይ ያለው መስመር፣ ማለትም የሲግናሉ አማካይ፣ ከ0.1 ቮልት ወደ 0.05 ይወርዳል፤ ፐልሱ በየሰከንዱ ቢመጣ ደግሞ 0.001 ብቻ ይሆናል። ጊዜው ያለ ወሰን ሲረዝም እያንዳንዱ ቁመት ወደ ዜሮ ይጠጋል።

እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆምኩ። ይህን የዜሮ ሄርዝ ቁመት በየመደጋገሚያው ጊዜ ብናባዛው፣ 0.1 በ10፣ 0.05 በ20፣ 0.001 በ1000፣ ሁሉም 1 ቮልት‑ሚሊሰከንድ ይሰጣሉ። ይህ የማይጠፋው ቁጥር የአንዱ ብቸኛ ፐልስ ትራንስፎርም በዜሮ ሄርዝ ላይ ያለው ዋጋ ነው። እንግዲህ የሲሪስ ኮኤፊሸንት (የአንድ መስመር ቁመት) በቮልት ሲለካ፣ ትራንስፎርም በቮልት ሲካፈል ለሄርዝ ይለካል፤ ይህም ከቮልት‑ሰከንድ ጋር አንድ ነው፤ ማለትም የአንድ ፍሪኩዌንሲን ድርሻ ሳይሆን በዚያ አካባቢ ያለውን ጥግግት ይነግረናል። ድምሩም ወደ ኢንቲግራል፣ ማለትም ያለ ክፍተት ወደሚደመር ድምር፣ ይለወጣል። የመለኪያው ልዩነት የሁለቱን ባሕርይ ከማንኛውም ትርጓሜ በላይ ይገልጽልኛል።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፎሪየር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው የሙቀት መጽሐፉ ሁለቱንም ከተፈጥሮ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር ያገኛቸው፦ በቀለበት ውስጥ የሚዘዋወር ሙቀት ዞሮ ወደ ተነሣበት ስለሚመለስ በሲሪስ ተገለጸ፤ ማለቂያ በሌለው መስመር ላይ የሚሰራጨው ግን ስለማይመለስ ኢንቲግራል ጠየቀ።

በየዕለቱ በኮምፒውተር የምናሰላው ዲስክሪት ፎሪየር ትራንስፎርም ደግሞ ስሙ ትራንስፎርም ቢሆንም ጠባዩ ወደ ሲሪስ ያደላል። የ1 ሰከንድ የሲግናል ቅጂ ስንሰጠው፣ ያ ሰከንድ ያለ ማቋረጥ የሚደጋገም ያህል ቆጥሮ በ1 ሄርዝ ልዩነት የቆሙ መስመሮችን ይመልስልናል፤ በመካከላቸው የወደቀ 50.5 ሄርዝም በዋናነት በ50 እና በ51 ላይ፣ ከዚያም እየቀነሰ በሌሎቹ ጎረቤቶች ላይ ተበትኖ ይታያል።