ያረጀችዋ የሸራ ጀልባዬ እድሳት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ጀልባዋ ምን ደረሰች ለምትሉኝ፣ ይኸው። ርዝመቷ 27 ጫማ ነው፤ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠራች ፋይበርግላስ (በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ) ናት። የዚያ ዘመን ሠሪዎች ፋይበርግላሱን ሳይሰስቱ ስለሚደራርቡት የቀፎዋ፣ ማለትም ውኃው ላይ የሚያርፈው ዋናው አካሏ፣ ነገር ብዙ አላሳሰበኝም። ጊዜዬንም ገንዘቤንም የበላው የላይኛው ወለል ነው።

ወለሉ ከላይና ከታች ስስ ፋይበርግላስ፣ መሀሉ ደግሞ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ነው። መያዣው፣ የገመድ ማሰሪያው፣ መስኮቱ፣ ሁሉም ይህን እየበሳ በብሎን ታስሯል። ብሎኑ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ሲደርቅ ውኃ ሰርጎ ባልሳውን ያበሰብሰዋል፤ ከላይ ሲያዩት ግን ቀለሙ እንኳን አልተነካም። የሚያሳብቀው ድምፁ ነው። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልኩ ወለሉን በሙሉ ቆረቆርኩት፦ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው የታፈነ። የታፈነውን በእርሳስ እያከበብኩ ስሄድ ክቦቹ በሙሉ የብሎን ጎረቤት ሆነው ተገኙ።

ክፉኛ በበሰበሰበት የላዩን ፋይበርግላስ ቆርጬ አነሳሁ፣ እርጥቡን እንጨት ጠርጌ አውጥቼ አደረቅሁት፣ አዲስ ባልሳ በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) አጣብቄ መልሼ ከደንኩት። ለቀሩት ቀዳዳዎች ያደረግሁት ይህ ነው፦ ከብሎኑ በሰፋ ፑንታ መቦርቦር፣ በወፈረ ኢፖክሲ መሙላት፣ ሲደርቅ በብሎኑ ልክ እንደገና መብሳት። ከዚህ በኋላ ማሸጊያው ቢከዳ እንኳ ውኃው የሚያገኘው ኢፖክሲን እንጂ እንጨትን አይደለም። ለማሸጊያ ቡቲል የሚባለውን የሚያጣብቅ ለስላሳ የጎማ ጥቅል ተጠቀምኩ፤ ብሎኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማጥበቅ ነው። ሲሊኮን እዚህ ሥራ ላይ ባይደርስ ይሻላል፤ ከተፋቀም በኋላ በቦታው ሌላ ነገር አላጣብቅ ይላል።

ከውኃ በታች ያሉትን፣ የቀፎውን ውኃ ማስገቢያና ማስወጫ ቀዳዳዎች የሚዘጉትን ቫልቮች አንድ በአንድ ፋቅ ፋቅ አድርጌ አየሁ። ናስ በጨው ውኃ ውስጥ ዚንኩን እያጣ ይሄዳል፤ ሲፋቅ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም ካሳየ አልቆለታል። እንዲህ የሆኑትን በነሐስ ቀየርኩ፤ በየቫልቩ አጠገብም ለክፉ ቀን የሚሆን የእንጨት ውታፍ አሰርኩ። የሸራውን ምሰሶ ወጥረው የሚይዙት የብረት ሽቦዎች ዕድሜያቸው ስለማይታወቅ ሁሉንም አወረድኳቸው፤ ብዙ ባለሙያ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየሩ ይላል። መብራቶቹ ኤልኢዲ ሆነዋል። ባለ ስክሪኑ የመርከብ ካርታ ይቆይ፤ ከሥሩ የሚያንጠባጥብ ወለል እያለ ስክሪን መግዛት አይታየኝም።

መልህቁን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የገመዱ ልክ የጥልቀቱ 7 እጥፍ ነው ሲባል ጥልቀቱ የሚለካው ከውኃው ገጽ ሳይሆን ገመዱ ከሚወጣበት ከጀልባዋ አፍንጫ (ከፊት ጫፏ) ነው። ውኃው 4 ሜትር፣ አፍንጫዋ ከውኃው በላይ 1 ሜትር ከሆነ የሚለቀቀው 35 ሜትር ነው እንጂ 28 አይደለም። የባሕሩ ውኃ በየዕለቱ እየሞላ የሚጎድልበት ቦታ ከሆነ ደግሞ የሚጨምረው ከፍታ አብሮ ይደመራል።

አሁን የቀሩኝ የምሰሶውን ሽቦዎች ከቀፎው ጋር የሚያያይዙት የብረት ሳህኖች ናቸው። የማይዝግ ብረት ቢሆኑም ወለሉን በሚያቋርጡበት ቦታ እርጥበት ታፍኖባቸው፣ አየር አጥተው ዝገት ይበላቸዋል፤ ሳይወጡ ደግሞ አይታይም። አንደኛው ወጥቷል፣ ሌሎቹ እምቢ ብለዋል። በስንጥቅ መፈተሻ ቀለም የሠራችሁ ካላችሁ፣ ከመቀባታችሁ በፊት ብረቱን በምን እንዳጸዳችሁት ንገሩኝ።