ቮልስ ከኋላ ስትታይ

ዛሬ ደሴ ፒያሳ አንዲት አሮጌ ቮልስ ቆማ ያየ ሁሉ ፎቶ ያነሳታል። ሁሉም ከፊት! ቮልስ የምታምረው ከኋላ ነው፤ ዕድሜዋም የሚነበበው እዚያው ነው። የኋላ መስታወቷ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ እ.ኤ.አ. እስከ 1953 መጀመሪያ የተሠራች ናት። የእንቁላል ቅርጽ ያለው እስከ 1957 ድረስ ነው። ሰፊው አራት ማዕዘን ከ1958 ሞዴል ወዲህ የመጣ ነው።

ከመስታወቱ ሥር የተደረደሩት ቀዳዳዎች ለጌጥ አይደሉም። ራዲያተር የሌለው ሞተር የሚቀዘቅዘው በእነሱ በሚገባው አየር ነው። ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት ስትወጣ የምትግል ከሆነ በሞተሩ ዙሪያ ያለውን የማሸጊያ ጎማ እዩት። እሱ ከተበላ ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይገባል።

ፓራፋንጎዎቿ (እግሮቿን ከላይ የሚሸፍኑት ክብ ላሜራዎች) ደግሞ አልተበየዱም፤ በብሎን ነው የታሰሩት። በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል የምትታየው ቀጭን ጎማ ናት ያንን ክብ መስመር ቁልጭ አድርጋ የምታወጣው። አንዳንድ ላሜራ ቤት ጎማዋን ጥሎ ክፍተቱን በስቱኮ ይደፍነዋል (ወንጀል ነው!)። ስቱኮው በንዝረት ይሰነጠቃል፣ የክረምት ውሃ ይገባል፣ ዝገቱ ከውስጥ ይበላል። ይልቅ ብሎኖቹን ከዋዜማው በዘይት አርሱ፤ አብዛኞቹ በ13 ቁልፍ ይፈታሉ። ፓራፋንጎውን ለብቻው ቀቡት። ስትመልሱት ብሎኖቹን ላላ አድርጋችሁ አዲስ ጎማ አስገቡና ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ።

ልትገዙ ከሆነ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከበሩ ሥር አስጠጉ። ካልያዘ ስቱኮ ነው፤ ዋጋውን በዚያው ልክ አውርዱ።