የቤዝቦል ማስታወሻዬ፦ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር አጠገብ

ልጄ ሜሪላንድ ውስጥ ለሃይስኩሉ ቤዝቦል ይጫወታል። ቋሚ ተሰላፊ አይደለም፤ ተጠባባቂ ነው። አምና ጨዋታው ብዙም አይገባኝም ነበር። ዘንድሮ የቡድኑን የውጤት መዝገብ ልያዝ ብዬ ዳጋውቱ (ተጫዋቾቹ የሚቀመጡበት መጠለያ) አጠገብ መቀመጥ ጀመርኩ። አመዘጋገቡ ቶሎ ይለመዳል። እያንዳንዱ የሜዳ ቦታ ቁጥር አለው፤ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪው) 1፣ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳሱን የሚቀበለው) 2፣ የአንደኛ ቤዝ ጠባቂ 3፣ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆመው) 6 ነው። ቤዝ ማለት ሯጩ በተራ የሚደርስባቸው የሜዳው ማዕዘኖች ናቸው። «6-3» ከተጻፈ ሾርትስቶፑ ኳሱን አንስቶ ወደ አንደኛ ቤዝ ወርውሮ መቺውን አስወጣ ማለት ነው። እኔን የያዘኝ ግን መዝገቡ ላይ የማይጻፈው የተጠባባቂዎቹ ሥራ ነው።

አንዱን ጨዋታ ልንገራችሁ። እኩል ለእኩል ነን፤ 7ኛውና የመጨረሻው ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር) ላይ ካቸራችን መትቶ አንደኛ ቤዝ ደረሰ። በሃይስኩል ሕግ ጨዋታው ውስጥ ያልገባ ተጠባባቂ በፒቸሩ ወይም በካቸሩ ምትክ ቤዝ ላይ ሊሮጥላቸው ይችላል፤ እነሱም ከጨዋታው አይወጡም። አሰልጣኙ ዞር ሲል አንድ ልጅ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ የጫማውን ክር አጥብቆ ቆሟል። ማንም አልጠራውም። ከጨዋታው መሃል ጀምሮ አጥሩን ተደግፎ የተጋጣሚን ፒቸር ሲያጠና ነበር። «ቀኝ ተረከዙ ቀድሞ ከተነሳ ወደ አንደኛ ቤዝ ሊወረውር ነው፤ ግራው ከተነሳ ወደ ሆም ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሆም መቺው የሚቆምበት፣ ሯጩም ዞሮ ሲደርስበት ነጥብ የሚቆጠርበት ቦታ ነው። ገባ። የፒቸሩ ግራ ተረከዝ ሲነሳ ሁለተኛ ቤዝን ሰረቀ፤ ማለትም ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ደረሰበት። ቀጣዩ ልጅ ሲመታ ሆም ደረሰና አሸነፍን። እኔ የጻፍኩለት አንድ ስርቆትና አንድ ነጥብ ብቻ ነው።

ተቃራኒውንም አይቻለሁ። ካቸሩ መከላከያውን እያሰረ ሳለ የፒቸሩን ውርወራ እየተቀበለ የሚያሟሙቀው ሰው ያስፈልጋል። በሌላ ቀን ግን ወንበሩ ላይ ሁሉም አኩርፏል። የሚነሳ ጠፋ። ፒቸሩ ኳሱን ይዞ ተገትሮ ቀረ፤ ሳይሟሟቅ ጀመረና ውርወራው ዒላማውን እየሳተ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቺዎች ወደ አንደኛ ቤዝ በነፃ አሳለፈ። በዚህ ብቻ ተሸነፍን አልልም። ግን ፒቸሩ ወደ ዳጋውቱ ሲመለከት ፊቱ ላይ ያየሁት ብቸኝነት አሳዝኖኛል።

በጃፓን ኮሺየን በሚባለው የሃይስኩል ቤዝቦል ውድድር ደግሞ አሰልጣኙ ወደ ሜዳ መግባት አይፈቀድለትም። ፒቸሩ ሲጨነቅ የአሰልጣኙን መልእክት ይዞ የሚሮጠው ተጠባባቂ ነው፤ በ9 ኢኒንግ 3 ጊዜ ብቻ። ስለዚህ ቡድኖች ለዚህ ሥራ ጓደኞቹን ማረጋጋት የሚችል ልጅ ይፈልጋሉ። ይህን ሳይ በጣም ደስ አለኝ።

እኛ ወላጆች ላይ ግን አንድ ነገር አለኝ። ከጨዋታ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ «አሰልጣኙ ምነው አላስገባህም? ጥርስ ነክሶብህ ነው?» ሲባል እሰማለሁ። ልጁ ይህን ቂም ተሸክሞ ነው በማግስቱ ልምምድ የሚሄደው። በሃይስኩል ደግሞ ቋሚ ተሰላፊ ወጥቶ አንድ ጊዜ ተመልሶ መግባት ስለሚችል አሰልጣኙ ተጠባባቂን ለመሞከር ያን ያህል አይፈራም። ተራው ሳይታሰብ ሊመጣ ይችላል። እኔ ልጄን «ፒቸሩ ላይ ምን አየህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። አሁን አሁን ሳልጠይቀውም መተረክ ጀምሯል፤ ቤት እስክንደርስ አያባራም።

ለመጪው ጸደይ የእያንዳንዱን ውርወራ ዓይነትና ቦታ መመዝገብ ልማር ነው። አሰልጣኙ ከተጠባባቂዎቹ ሁለቱን አብረውኝ እንዲሠሩ ፈቅዷል። ይህን ሥራ የምታውቁ ወላጆች ከየት ብጀምር ይሻላል ትላላችሁ?