የጫካና የእርሻ አፈር ኔማቶዶችን ስቆጥር የተማርኩት

የመጀመሪያው ቆጠራ ግራ አጋባኝ። ከእርሻው አፈር ብዙ ኔማቶድ፣ ማለትም በጣም ጥቃቅን ክብ ትል፣ ወጣ፣ ከጫካው ግን ጥቂት ብቻ። አፈሩ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ በረገፈ ቅጠል የተሸፈነ ጫካ እንዴት ባዶ ይሆናል?

መልሱን ያገኘሁት ማስታወሻ ደብተሬን ሳገላብጥ ነው። የጫካውን ናሙና የወሰድኩት በጠዋት ነበር። እርሻው ላይ ስቆፍር ፌስታሎቹ መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታቸው ዋሉ። ትሎቹ በሙቀት ሞተዋል። የተጠቀምኩበት ዘዴ ደግሞ የሚያወጣው በራሱ የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ነው። የሞተው እዚያው አፈሩ ውስጥ ይቀራል።

ዘዴው ቀላል ነው። ወንፊት ላይ ሶፍት አነጥፋለሁ፣ 100 ግራም አፈር በስሱ እበትንበታለሁ። ወንፊቱን ትሪ ውስጥ አስቀምጬ ውሃው ከታች አፈሩን እስኪያረጥበው እጨምራለሁ። ትሎቹ በሶፍቱ ሾልከው ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ከ48 ሰዓት በኋላ ውሃውን ቀዳዳው 25 ማይክሮን በሆነ ወንፊት አጥልዬ የቀረውን በማይክሮስኮፕ እቆጥራለሁ። አብዛኞቹ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ፣ ሰውነታቸውም ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ በባዶ ዓይን ማየት ይከብዳል።

በሁለተኛው ዙርም ሁለቱንም ቦታ በአንድ ቀን ጨረስኩ። ናሙናውን ግን ጥላ ውስጥ፣ በማቀዝቀዣ ሳጥን ያዝኩ። ኔማቶድ እየተሰባሰበ ነው የሚኖረው። አንዱ ጋ ሞልቶ ሁለት እርምጃ አልፎ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቦታ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ዚግዛግ እየሄድኩ 20 ጊዜ ወስጄ ቀላቀልኩ።

አሁን ጫካው በሰፊው በለጠ። ደስ አለኝ፣ ግን ቸኩያለሁ። የጫካ አፈር ብስባሽና ክፍት ቦታ ስለሚበዛው ቀላል ነው። የእርሻው በትራክተር ጎማ ተጠቅጥቋል። እፍጋቱ በሚሊ ሊትር 0.8 ግራም የሆነ አፈር፣ 100 ግራሙ 125 ሚሊ ሊትር ቦታ ይይዛል። 1.3 የሆነው ግን 77 ብቻ። በክብደት ሳነጻጽር ከጫካው ብዙ ቦታ፣ ከእርሻው ትንሽ ቦታ ነበር የምቆጥረው። በይዘት፣ ማለትም አፈሩ በሚይዘው ቦታ፣ ሳሰላው ልዩነቱ ጠበበ። ከዚያ ወዲህ አፈሩን በ105 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አድርቄ፣ በደረቅ ክብደትም በይዘትም እጽፋለሁ። ሥራውን የምትጀምሩ ከሆነ ይህን ከመጀመሪያው ቀን አድርጉት።

ከቁጥሩ በላይ የማረከኝ ግን አፋቸው ነው። ባክቴሪያ የሚበላው አፉ ክፍት ቱቦ ነው። ተክል የሚያጠቃው መርፌ አለው። አንዱን አጉልቼ ሳየው መርፌውን ወጣ መለስ ሲያደርግ ነበር፣ ሥር የሚወጋበት ያው ነው። ከጫካው ናሙና ደግሞ አፉ ሰፊ፣ ውስጡ ጥርስ ያለው ሞኖንከስ አገኘሁ። ሌሎች ኔማቶዶችን የሚበላ አዳኝ ነው። ሆዱ ውስጥ የተዋጠ ትል ጭራ ይታይ ነበር። ያን ቀን ከማይክሮስኮፑ መነሳት አቃተኝ።

እንዲህ ያለው አዳኝ ከታረሰው አፈር ብዙም አልወጣልኝም። ኔማቶድ አፈር ውስጥ ቢኖርም ኑሮው የውሃ ነው። የሚንቀሳቀሰው በአፈር ቅንጣቶች ዙሪያ ባለ ስስ ውሃ ውስጥ ነው። መቆፈር ስለማይችል ያለውን ቀዳዳ ይከተላል። አፈር ሲጠቀጠቅ መጀመሪያ መንገድ የሚዘጋበት ትልልቁ ነው፣ አዳኞቹም ትልልቆች ናቸው። ለዚህ ጉዳይ የኔማቶድ ተመራማሪው ቶም ቦንገርስ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው መለኪያ በጣም ይረዳል። ቶሎ ተራብተው እንደ ማረስ ያለ ሁከት የሚችሉት 1፣ ቀስ ብለው የሚራቡትና ሁከት የማይችሉት 5 ይሰጣቸዋል። በእርሻው ከተክል በሎቹ ውጭ ያሉት አብዛኞቹ ወደ 1 እና 2 ያዘነበሉ ነበሩ።

እርሻው ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። አሸዋ በሚበዛበት ጥግ ቲማቲም ስነቅል ሥሩ በእብጠት ተቋጥሯል። ሜሎይዶጋይን የተባለው፣ ሥር የሚያሳብጥ ኔማቶድ ሥራ ነው። ሸክላው በሚበዛበት በኩል ግን ሥሩ ንጹሕ ነበር። የሥር አሳባጩ ትል አሸዋማ አፈር ይመቸዋል፣ በክፍተቶቹ ውስጥ እንደልቡ ይሄዳል።

እስካሁን የሚቆጨኝ የቦታ ምርጫዬ ነው። ጫካው ተዳፋት ላይ፣ እርሻው ሜዳ ላይ ነው። ጫካ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ለማረስ በማይመች መሬት ላይ ነው። ታዲያ ልዩነቱን ያመጣው ዛፉ ነው ወይስ መሬቱ? ብስባሹ፣ እርጥበቱና ፒኤቹ (የአፈሩ አሲዳማነት መለኪያ) አብረው ስለሚለዋወጡ አንዱን ነጥሎ ምክንያቱ ይሄ ነው ማለት አልቻልኩም።

በሦስተኛው ዙር ጫካና እርሻ የሚዋሰኑበት፣ ተዳፋቱም የአሸዋና የሸክላ መጠኑም ተመሳሳይ የሆነ ቦታ ፈልጌ አገኘሁ። ከጫካው ውስጥ እስከ ማሳው መሀል ገመድ ዘረጋሁ። አሁን በየአምስት ሜትሩ እየወሰድኩ፣ ትሉንም እርጥበቱንም ፒኤቹንም ከአንዱ ፌስታል እለካለሁ።