ግማሽ ማንኪያ

በሐዋሳ አካል ጉዳተኞችን በየቤታቸው እየተገኘሁ በዕለት ተዕለት ኑሯቸው እደግፋለሁ። ማጠቡ፣ ማልበሱ፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ማዛወሩ፣ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ማድረሱ ሁሉ የሥራዬ ክፍል ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ግን ማብላት ነው።

ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት ምክንያት ጡንቻንና እንቅስቃሴን መቆጣጠር የሚያስቸግር ሁኔታ) ያለበትን አንድ ወጣት ምሳ ሳበላ አስቀድሜ ዳሌውን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አስጠጋለሁ፣ እግሮቹን አስደግፋለሁ፣ አገጩንም ጥቂት ወደ ደረቱ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ከተንጋለለ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላልና። ሽሮውንና ጎመኑን አሳይቼው ዓይኑን ካሳረፈበት እጀምራለሁ። በደንብ የራሰውን ፍትፍት በግማሽ ማንኪያ ሰጥቼ መዋጡን ጉሮሮው ላይ ሳላይ ሌላ አላነሳም፤ ካሳለ ወይም ድምፁ ውኃ ያዘለ ከመሰለ አቆማለሁ። ቀጭን ፈሳሽ ቶሎ ስለሚወርድ ለእንደ እሱ ዓይነቱ ሰው ብዙ ጊዜ ከውኃ ይልቅ ወፈር ያለ አጥሚት ይቀላል። በልቶ ሲጨርስም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብሎ ይቆያል።

እናቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጭናቸው ላይ አስተኝተው ሲያጎርሱት ስለኖሩ ይህ ዝግታ ከብዷቸው ነበር። «ልጄ፣ ምግቡ እኮ ቀዘቀዘ፤ አንጀቱ ሳይርስ!» ይሉኝ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ያሳያቸው ሰው አልነበረም። በበዓል ቀን ደግሞ ዘመድ ተሰብስቦ፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እያለ በፍቅር ይደራርብለታል። መዋጥ ለሚቸግረው ሰው ትልቅ ጉርሻ አደገኛ ነው፤ ወደ ሳንባ የገባ ምግብ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ወጣቱ አፉን ሲገጥም «በቃኝ» ማለቱ ነው፤ በቃላት መናገር ስለማይችል ያ እምቢታ ካልተከበረለት በገዛ ገላው ላይ እንኳ ውሳኔ የለውም ማለት ነው።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 19 በማኅበረሰቡ ውስጥ እንደማንኛውም ሰው መርጦ የመኖርን መብት፣ ለዚህም የሚያስፈልገውን የግል ድጋፍ ይደነግጋል። በየቤቱ ይህን ድጋፍ የሚሰጡት በአብዛኛው እናቶችና እኅቶች ናቸው፤ ያለ ሥልጠናና ያለ ክፍያ። ስለዚህ እናት እንዲህ ያለ ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ስትመጣ መድኃኒት ብቻ ተጽፎላት አትመለስ፤ እንዴት አስቀምጣ እንደምታበላው እዚያው በማንኪያና በሳሕን ይታያት፣ እሷም እያበላች ትታይ።