ከአራት አንዱ ትዕዛዝ የት ገባ?

ደብረ ብርሃን ሆነን የምናንቀሳቅሰው ሲስተም የማዳበሪያ ፍላጎት ይመዘግባል። የገበሬ ማኅበራት የመጋዘን ሠራተኞች ከየወረዳው ገብተው አባሎቻቸው የሚፈልጉትን ኤንፒኤስና ዩሪያ በኩንታል ይሞላሉ። ክረምት ሊገባ ሲል ሥራው ይጦፋል። ያኔ የጠፋ መዝገብ ማለት ማዳበሪያ ሳይደርሰው የዘር ወቅት የሚያልፍበት ገበሬ ማለት ነው።

አንድ ጠዋት ከእነዋሪ ከተማ ስልክ ተደወለ። በዕድሜ ጠና ያሉ የመጋዘን ኃላፊ ናቸው።

«ልጄ፣ አሁን የመዘገብኩት ሰው ጠፋብኝ። ደግሜ ስከፍተው ተመልሶ መጣ። እንደገና ስከፍተው ደግሞ የማላውቀው ስም ይዞ መጣ።»

«ጋሼ፣ የመጣው ስም ምን ይላል?»

«ሙከራ አንድ ይላል። እንዲህ የሚባል አባል የለንም።»

ነገሩ ግማሹ እዚያው ተፈታ። የሙከራ ዳታ ነው። ግን የሙከራው ዳታ በዋናው አድራሻ እንዴት ይመጣል? ሲስተማችን የሚሠራው ኩበርኔቲስ ላይ ነው፤ አንድን ፕሮግራም በብዙ ኮፒ የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው፣ እያንዳንዱ ኮፒ የሚሠራበትም ፖድ ይባላል። የዋናዎቹን ፖዶች ሎግ፣ ማለትም የሥራ መዝገባቸውን፣ ስናይ አንድም ስህተት የለም። በኋላ አንዷ ባልደረባችን ሰርቪሱ፣ ማለትም ጥያቄ ተቀብሎ ለፖዶቹ የሚያከፋፍለው ክፍል፣ ከጀርባው የያዛቸውን አድራሻዎች አወጣች። የምናሰማራው ሦስት ፖድ ነው። ሰርቪሱ የያዘው አራት።

ኩበርኔቲስ ውስጥ ሰርቪስ ፖዶችን በስም አያውቃቸውም። ፖድ ይሞታል፣ በምትኩ ሌላ ይነሳል፣ ስሙም አይፒውም ይቀየራል። ስለዚህ ሰርቪሱ የሚፈልገው በሌብል ነው፤ ፖዱ ላይ በሚለጠፍ አጭር መለያ። የትኛውን ሌብል እንደሚፈልግ የሚናገረው የኛ ሰርቪስ ሴሌክተር ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ነበረች፤ የአፕሊኬሽኑ ስም። አዲሱን ሥሪት ለመሞከር የዋናው ፋይል ተገልብጦ እዚያው ኔምስፔስ (ሥራዎች ተለይተው የሚቀመጡበት ክፍል) ውስጥ ሌላ ዲፕሎይመንት (የትኛው ፕሮግራም በስንት ፖድ እንደሚሠራ የሚወስነው) ተነስቷል። ስሙ ተቀይሯል፣ ዳታቤዙ ተቀይሯል፣ ሙከራ መሆኑን የሚናገር ሌብልም ተጨምሮለታል። የአፕሊኬሽኑ ሌብል ግን እንዳለ ቀርቷል። ለኩበርኔቲስ ይህ ሕጋዊ አባል ነው። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ቀይ መብራት የለ። በግምት ከአራት ጥያቄ አንዱ ወደዚያ ይሄዳል።

አንዱ ልጅ ቶሎ ብሎ የአፕሊኬሽኑን ሌብል ከሙከራው ፖድ ላይ አነሳው። ወዲያው ሌላ ፖድ ተወለደ፣ ያንኑ ሌብል ይዞ። የፖዶቹ ቁጥር እንዳይጎድል የሚጠብቀው ሬፕሊካሴት የሚቆጥራቸው በሌብል ስለሆነ፣ ሌብሉ የተነሳበትን ከቁጥር ያወጣውና ጎደለኝ ብሎ ይተካል። የወጣው ፖድ ግን አይሞትም፤ ጥያቄ ሳይደርሰው መሥራቱን ይቀጥላል። የታመመ ፖድን ለብቻ አግልሎ ለመመርመር ይህ ግሩም ዘዴ ነው። ለዚያ ቀን ግን አልሆነም። የሙከራውን ዲፕሎይመንት የፖድ ብዛት ወደ ዜሮ አወረድነው፣ የወጣውንም በእጅ አጠፋነው። ጥያቄው ሁሉ ወደ ዋናዎቹ ሦስት ተመለሰ።

ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ መጣ። በሙከራው ዳታቤዝ ውስጥ የእውነተኛ ገበሬዎች ኩንታል ተቀምጧል። ሙከራው ከተነሳበት ሰዓት ጀምሮ የገባውን ሁሉ አውጥተን ወደየመጋዘኑ ደወልን። የእነዋሪው ጋሼ ሁሉንም በወረቀት መዝገብም ይጽፋሉ። ስም በስም አነበቡልን። እኔ ያን መዝገብ ሲስተም ስለገባ ተዉት የሚላቸው ሰው እንዳይመጣ እፈልጋለሁ።

ዘላቂው መፍትሔ ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ በዋናው ዲፕሎይመንት የፖድ ቴምፕሌት (አዲስ ፖድ የሚፈጠርበት ንድፍ) ላይ ዋናው እንጂ ሙከራው አለመሆኑን የሚናገር ሌብል ጻፍን። ሦስቱም ፖዶች በአዲስ እስኪተኩ ጠበቅን። ከዚያ ነው የሰርቪሱን ሴሌክተር በዚያ ሌብል ያጠበብነው። ቢገለበጥ ኖሮ ሰርቪሱ አንድም ፖድ ሳያገኝ ቀርቶ ሁሉም ተጠቃሚ ይቋረጥ ነበር። የዲፕሎይመንቱን የራሱን ሴሌክተር አልነካነውም፤ አንዴ ከተፈጠረ አይቀየርም።

አሁን ሙከራ የራሱ ኔምስፔስ አለው፣ የሰርቪስ ሴሌክተር ከኔምስፔሱ ውጭ አያይምና። የወረዳ ስም በአማርኛ መጻፍ ስንፈልግ አኖቴሽን በሚባለው ማስታወሻ ውስጥ እናስገባለን፤ ሌብል የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ዋጋውም ከ63 ፊደል አይበልጥም። በአኖቴሽን ግን ማጣራት አይቻልም። በሌብል አጣርተን አንድ ነገር ከማጥፋታችን በፊትም ያንኑ ማጣሪያ ለዝርዝር ብቻ እናስኬደዋለን። ዝርዝሩ ላይ ያልጠበቅነው ስም ከታየ እጃችንን እንሰበስባለን።